ቱቦ ውስጥ የዘገየ ደም

ጥር 4

የደም መርጋት የሚለካው ማሽን ዛሬም አልተሠራም። ሦስተኛ ሳምንቱን ያዘ። ጠጋኙ መጥቶ ከፈተው፣ አየው፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ዘግቶት ሄደ። እኔም እንደሱ ራሴን ነቅንቄ ወደ ቤቴ ብሄድ ደስ ባለኝ።

ስለዚህ በእጅ። ውሃው ሠላሳ ሰባት ዲግሪ ላይ፣ ቱቦዎቹ ውሃው ውስጥ፣ በአንድ እጅ ሰከንድ መቁጠሪያ ሰዓት፣ በሌላው ቱቦ። ከደሙ የተለየው ፈሳሽ፣ ፕላዝማው ላይ ሪኤጀንት የምንለውን መመርመሪያ ኬሚካል ጨምሮ መጠበቅ። ካልሲየም ጠብ ማድረግ። ሰዓቱን መጫን። ቱቦውን ዘንበል ቀና ማድረግ... እስኪረጋ። የጤነኛ ሰው ሠላሳ ምናምን ሰከንድ ላይ ይረጋል። ሥራውን የተማርኩት እንዲህ ነው፣ ማሽን ሳይመጣ። እጄ አልረሳም። ወገቤ ግን ረስቷል።

«ዝምታ» አጠገቤ ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቶ ሲያወራ ዋለ። ስሙን ያወጣንለት አፉ ስለማይዘጋ ነው። ስለ ጎረቤቱ ውሻ፣ ስለ ጥርሱ፣ ስለ ሚስቱ ወንድም... ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንሠራ አንድ ቀን ጸጥ ሲል አልሰማሁም።

ሦስተኛ ፎቅ ሞልቷል። የሳንባው ቫይረስ የጣላቸው ናቸው። ከነሱ ብቻ አሥራ አራት ናሙና ወረደ። አንዱ ገረመኝ። ዘጠኝ ቁጥር አልጋ፣ የሂሳብ አስተማሪ፣ ሃምሳ አንድ ዓመት። ሃምሳ ስምንት ሰከንድ። ደገምኩት፣ ሃምሳ ሰባት። እንደገና፣ ሃምሳ ስምንት።

ጽፌ ላክሁ። የኛ ሥራ ቁጥር ነው። እንዲያ ነው የሚባለው።

ጥር 5

ረጅሟ ደወለች። የሦስተኛ ፎቅ ሐኪም ናት፤ በር ስትገባ ጎንበስ ስለምትል ሁሉም እንደዚያ ይላታል።

«እትዬ፣ የዘጠኝ ቁጥሩ ሃምሳ ስምንት ነው ያሉት?»

«ሦስቴ ሠርቼዋለሁ።»

«የደም ማቅጠኛ መርፌ ልጀምርለት ነበር። ደሙ እንዲህ የሚዘገይ ከሆነ ይፈስበታል ብዬ ፈራሁ። ልተወው?»

«እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። ቁጥሩ የሚለው መዘግየቱን ነው።»

ዘጋሁት። ሻዬን ጠጣሁ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

ጥር 8

አስተማሪው ሞተ።

ጠዋት ፊቱን ሊታጠብ ከአልጋው ወርዶ ሦስት አራት እርምጃ ሄደ አሉ። ከዚያ ደረቱን ያዘ። በቃ። እግሩ ውስጥ የረጋ ደም ተነቅሎ ሳንባው ውስጥ ተወትፏል። የነገረችኝ ረጅሟ ናት፣ ደረጃው ላይ ቆማ። ጓንቷን እንኳ አላወለቀችም።

«እትዬ፣ ደሙ ይዘገያል ብለውኝ ነበር...»

ብያለሁ። በእጄ ጽፌያለሁ። ደሙ ይዘገያል ያልኩት ሰው ደም ረግቶበት ሞተ።

እንዴት ነው ይሄ?

ጥር 9

የድሮ ደብተሬን ከቁም ሳጥኑ ላይ አወረድኩ። አቧራው አስነጠሰኝ። ገጹን አገኘሁት... የራሴ ጽሕፈት፣ የሃያ አራት ዓመት ልጅ ጽሕፈት። «ልብ በይ» ብዬ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሬያለሁ። ልብ አላልኩም።

እራት ላይ ባለቤቴ ፊቴን አይቶ ጠየቀኝ። ፀጉር አስተካካይ ነው፤ ሰው ሲናገር መስማት የለመደ።

«ቫይረስ ሲገባ ሰውነት የሚዋጋለት ወታደር ያወጣል» አልኩት፤ «አንቲቦዲ የምንለውን። አንዳንዱ ወታደር ይሳሳትና የገዛ ቤቱን ይይዛል። ይሄኛው የሚይዘው የሰውነት ስብ ላይ የተለጠፈውን ፕሮቲን ነው። አንቲፎስፎሊፒድ ይሉታል።»

«እሺ።»

«እኔ ቱቦ ውስጥ የምጨምረው ሪኤጀንት ስብ አለበት። ወታደሩ ስቡን ይይዝብኛል። ስቡ ሲያዝ ደሙ ቶሎ አይረጋም፣ ሰከንዱ ይረዝማል። ሰውየው ውስጥ ግን ሌላ ነው። የደም ሥሩን ያስቆጣል፣ ደሙን ያረጋል።»

ማንኪያውን አስቀመጠ። «ቁጥርሽ ዋሸ ማለት ነው?»

«አልዋሸም። እኔ ነኝ ያላነበብኩት።»

ሳህኑን ወደኔ ገፋ አድርጎ «አንቺ ሴትዮ፣ ብዪ እንጂ» አለኝ። አልበላሁም።

ጥር 10

የአስተማሪው ፕላዝማ ማቀዝቀዣው ውስጥ ተርፎ ነበር። ከራሴ ደም ቀዳሁ። የሱን ግማሽ ከኔ ግማሽ ቀላቀልኩ። የሱ ደም የጎደለው ነገር ቢኖር ኖሮ የኔ ይሞላለት ነበር፣ ሠላሳ አምስት አካባቢ ይመለስ ነበር። አልተመለሰም። ሃምሳ ሦስት።

ደሙ ውስጥ የሚያግድ ነገር አለ። የጎደለ አይደለም፣ የተጨመረ ነው።

ይህን ለመሥራት አሥር ደቂቃ ፈጀብኝ። አሥር ደቂቃ። ጥር 4 ቀን አሥር ደቂቃ አጥቼ ነው? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይላሉ። ውሻዋ እኔ ነኝ።

ጥር 11

የላብራቶሪያችን አለቃ ዘንድ ገባሁ። ከሦስተኛ ፎቅ ሰከንዱ የረዘመ በመጣ ቁጥር የቅልቅሉን ምርመራ እንሥራ፣ ውጤቱም ላይ ምን ማለት እንደሆነ አንድ መስመር እንጻፍ አልኩት።

እስክሪብቶውን ሲያሽከረክር ሰማኝ። «እትዬ፣ ሪኤጀንቱ ያለው ለመቶ ሃያ ምርመራ ብቻ ነው። ቀጣዩ መቼ እንደሚገባ አላውቅም። ደግሞ እንዲህ የታመመ ሰው ሰውነቱ ሁሉ የተቆጣ ነው፤ ያ ራሱ ቁጥሩን ያዛባዋል። መርፌው ተጀምሮለት ከሆነስ? የመርፌው መድኃኒትም እኮ እንዲሁ ያዘገየዋል።»

ልክ ነው። ያናደደኝ ግማሽ ልክ መሆኑ ነው።

«እሺ፣ መርፌ ያልተጀመረላቸውን ብቻ ለይቼ...»

«ላብራቶሪ ቁጥር ይሰጣል። ትርጉም የሐኪም ነው።»

«ሐኪሟ ትርጉሙን እኔን ጠየቀችኝ።»

«እንግዲያው መመለስ አልነበረብዎትም።»

«እርስዎ» አለኝ። ይሄ ልጅ ለልምምድ ሲመጣ መርፌ ሲያይ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደም መቅዳት የተለማመደው በኔ ክንድ ላይ ነው፤ ሳምንት ሙሉ ክንዴ ጠቁሮ ከርሟል።

አልተውም። ቆርጫለሁ።

ጥር 14

የኔ ደም ብቻ ለማመሳከሪያ አይበቃም። የብዙ ጤነኛ ሰው ፕላዝማ ተቀላቅሎ ነው የሚሻለው። ከማን? ከራሳችን።

በምሳ ሰዓት ለመንኩ። በር ጠባቂው እጅጌውን ሰብስቦ «ደሜ ጥሩ ነው፣ እስከዛሬ ማንም አልፈለገውም እንጂ» አለ። ሁለቱ ጽዳቶች ተሳሰቁና ሰጡ። የልብስ ማጠቢያው ኃላፊ «ለምን እንደሆነ ካልነገርሽኝ አልሰጥም» አለች። ነገርኳት። ከሁሉም በደንብ የገባት እሷ ናት። ዝምታ መርፌው ሳይነካው ራሱን ስቶ ወንበር ላይ ተዘረጋ። ሃያ ሁለት ዓመት የሰው ደም ሲያይ የኖረ ሰውዬ... ለሦስት ደቂቃ ያህል ላብራቶሪው ጸጥ አለ። ሁላችንም አስተዋልነው።

አሥራ ዘጠኝ ሰው ሆነ። እኔ ሃያኛ።

ጥር 19

እስከ ዛሬ ሠላሳ አንድ ሕመምተኛ። የዘገየባቸው ዘጠኝ። ሲቀላቀል ያልተስተካከለው ስድስት። ደሙ መርፌ ሳይጀመር የተቀዳ መሆኑን በእያንዳንዳቸው የመድኃኒት ወረቀት ላይ አየሁ። አለቃን በራሱ ጥያቄ ነው የምጠብቀው።

ጥር 27

ዛሬስ ወጣሁ።

አራት ቁጥር አልጋ፣ ቀለም ቀቢ፣ ሠላሳ ስምንት ዓመት። ትናንት ማታ ነው የገባው። ስልሳ አንድ ሰከንድ። ሲቀላቀል ሃምሳ አምስት። ውጤቱን ጻፍኩና እጄ ቆመ። ቁጥር ብቻ ልላክ? ያው ልታነበው ነው፣ ያው ልትፈራ ነው። ቀዩን እስክሪብቶ አነሳሁና ከቁጥሩ ሥር ጻፍኩ፦ «ይህ መዘግየት የመፍሰስ ምልክት ላይሆን ይችላል። በቅልቅል አልተስተካከለም። ደም የሚያረጋ አንቲቦዲ ይጠረጠራል። እግሩ ይታይ።» ስሜን ከነፊርማዬ።

ወረቀቱን በሰው አልላክሁም። ማስኬን አድርጌ ደረጃውን ወጣሁ። ሦስት ፎቅ። በሁለተኛው ላይ ቆሜ ተነፈስኩ።

ረጅሟ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። «እርግጠኛ ነዎት?»

«አይደለሁም። በዚያኛው ጊዜም እርግጠኛ አልነበርኩም። ያኔ ዝም አልኩ።»

አብረን ወደ አልጋው ሄድን። ሰውየው ኦክስጅን ላይ ነው፣ ጥፍሮቹ ዙሪያ ነጭ ቀለም ደርቋል። ብርድ ልብሱን ገለጠችው። የግራ ባቱ አብጧል፣ ሲነኩት ይግላል።

«መሰላል ላይ ብዙ ስለቆምኩ ነው» አለ በማስኩ ውስጥ። «ጣሪያ ስቀባ ነው የሰነበትኩት።»

«ቀኙም እግርህ መሰላል ላይ ነበር እኮ» አልኩት። «እሱ ለምን አላበጠም?»

ሳቅ አለና ሳል ያዘው።

በአልትራሳውንድ አዩት። ከጉልበቱ በላይ ድረስ የረጋ ደም። መርፌው ሆዱ ላይ ተወጋ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ከሩብ። ቆሜ አየሁ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም፣ ሥራዬ አልነበረም።

ጥር 29

ደብዳቤ። ማስጠንቀቂያ። «ከሥራ ድርሻዎ ውጪ በሕክምና ውሳኔ ጣልቃ በመግባትዎ... ያልተፈቀደ ምርመራ በማድረግ ሪኤጀንት በማባከንዎ...»

አለቃ ቀና ብሎ አላየኝም። «ይፈርሙበት።»

ፈረምኩ። ከፊርማዬ በላይ «ደርሶኛል፤ አልተቀበልኩትም» ብዬ ጨመርኩበት።

«እንዲህ አይጻፍም።»

«ተጻፈ።»

ሠላሳ ሦስት ዓመት ስሠራ የመጀመሪያዬ ነው። ቤት ስደርስ ለባለቤቴ አሳየሁት። መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው። «ካፈርኩ አይመልሰኝ ነሽ አንቺ» አለ። ከዚያ «አማርኛው ግን አያምርም» አለ። ሳቅን። እውነት ለመናገር ከሳቁ በኋላ ትንሽ አለቀስኩ። ጡረታዬ ሦስት ዓመት ነው የቀረው... ሦስት ዓመት ዝም ብል ምን ነበረበት?

ነበረበት።

የካቲት 3

ቀለም ቀቢው ደማ።

ጠዋት አፍንጫው ጀመረው፣ አልቆምም አለ። ዜናው ሦስት ፎቅ ለመውረድ አምስት ደቂቃ አልፈጀበትም። አለቃ በጠረጴዛዬ በኩል ሲያልፍ አንድ ቃል አልተናገረም። ባይናገርም ሰማሁት።

ወጣሁ። ገድየው ቢሆንስ? አንዱን በዝምታ፣ አንዱን በንግግር?

ነርሷ አፍንጫውን ጨምቃ ይዛለች፣ አንሶላው ተበላሽቷል። ሚስቱ መስኮት ሥር ቆማ ቦርሳዋን በሁለት እጇ አንቃለች። ረጅሟ ግን ረጋ ብላ ነበር። «ኦክስጅኑ አፍንጫውን አድርቆታል፤ ተሰነጠቀ። መርፌው አባብሶት ነው እንጂ አላመጣውም።» መጠኑን በክብደቱ እንደገና አሰላች። ትንሽ በዝቶ ነበር። ቀነሰች፣ አላቆመችም። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ቆመ።

«እናቴ» አለኝ ሰውየው አፍንጫው በጥጥ ተወትፎ፤ «በቀይ የጻፉት እርስዎ ነዎት አሉ?»

«ነኝ።»

«እኔም ቀይ ነው የረጨሁት።»

ቀልድ መሆኑ ነው። ሚስቱ «ዝም በል» አለችው።

የካቲት 12

ሰገራ ምርመራ ክፍል ተዛወርኩ። ከኮሪደሩ መጨረሻ፣ መስኮቱ የማይከፈተው። «ለጊዜው» ይላል ደብዳቤው።

ዝምታ የደም መርጋቱን ሥራ ተረከበ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚለው ጠፋው። ከምሳ በኋላ መጣ፣ በሩ ላይ ቆመ፣ አፍንጫውን ያዘ። «ቅልቅሉን ስትሠሪ ስንት ለስንት ነበር?»

«ለምን ትጠይቃለህ? ተከልክሏል እኮ።»

«ለአጠቃላይ ዕውቀት ነው።»

«እኩል በእኩል።»

«አመሰግናለሁ። አልጠየቅሁሽም።»

ሄደ። የቅልቅሉን ቁጥር የምይዝበትን ደብተር የድሮው ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ነበር። ረስቼ አይደለም።

የካቲት 16

ረጅሟ ዛሬ እዚህ ክፍል ድረስ መጣች። ሐኪም ሰገራ ክፍል ሲገባ አይቼ አላውቅም። ሦስት ወረቀት ይዛለች። በቀይ የጻፈው ዝምታ ነው፣ በዚያ የዶሮ ጭረት በመሰለ ጽሕፈቱ። «ማንበብ አልቻልኩም፣ ይፍቱልኝ» አለች። ፈታሁላት።

አንዷ ዳቦ ጋጋሪ ናት፣ ሠላሳ አራት ዓመት። ቫይረሱ ብዙም አልጎዳትም፣ ክንዷ ላይ ግን የረጋ ደም ተገኝቷል። መርፌ ጀምረውላታል።

ቱቦዎቹን ትልቁ ላብራቶሪ እንልካለን አለች፣ አንቲቦዲውን ራሱን ወደሚለኩት። ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ደግሞ አንድ ጊዜ መገኘቱ አይበቃም። ከአሥራ ሁለት ሳምንት በኋላ መደገም አለበት፤ ቫይረስ ሲይዝ ለጊዜው መጥቶ የሚሄድ አለ። የአስተማሪውንም ጨምረን እንላክ አልኳት። ራሷን ነቀነቀች።

የካቲት 20

የአስተማሪው ሚስት መጣች።

የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ናት። አስተዳደር ሄዳ «የተፈጥሮ ሞት ነው» ብለዋታል። ሦስተኛ ፎቅ ሄዳ ረጅሟን አላገኘቻትም። በር ጠባቂው ነው ወደኔ የላካት። ለምን ላካት? ደሙን የሰጠኝ ጊዜ ምን እንደማደርግበት ነግሬው ነበር።

አለቃ ከአሁን በፊት አስጠንቅቆናል፦ ቤተሰብ ከመጣ ወደ አስተዳደር። ወንበር ሰጠኋት። ስለ ሽታው ይቅርታ ጠየቅኩ።

«የባለቤቴን ደም የመረመርሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ሃምሳ ስምንቱን። ስልኩን። ምን ብዬ እንደመለስኩ፣ ቃል በቃል። መርፌው ቢጀመርለት ይተርፍ እንደነበር እንደማላውቅ። ላይተርፍም ይችል ነበር። ግን እድሉን እንዳልሰጠነው።

እጇን ጭኗ ላይ እንዳደረገች ሰማችኝ። አላቋረጠችኝም። ከዚያ፣

«ያን ቀን ታውቂው ነበር?»

«ተምሬዋለሁ። አላስታወስኩትም።»

«እሱ ተማሪዎቹን ረሳሁ ሲሉት ምን ይላቸው እንደነበር ታውቂያለሽ? ‹ያልሠራኸውን ነው የምትረሳው› ይላቸው ነበር።»

ድሮ ደብተሬ ላይ «ልብ በይ» ያልኩት ትዝ አለኝ።

«ይቅር አልልሽም» አለች። ድምጿ አልጠነከረም፣ አልላላም። «አሁን አልችልም። ምናልባት መቼም። ግን እንዲህ ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። የነገርሽኝን ጻፊልኝ።»

ጻፍኩላት። አንድ ገጽ ተኩል። ፈረምኩ። ቀኑን አደረግሁበት። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች፣ እስከ በሩ ሸኘኋት።

እንግዲህ ከፈለጉ ሁለተኛ ደብዳቤ ይጻፉብኝ። ከፈለጉ ያባርሩኝ።

የካቲት 21

ባለቤቴ፦ «ፈራሽ?»

«አዎ።»

«ጥሩ። ምላጭ ስይዝ እኔም እፈራለሁ። አርባ ዓመት ሙሉ ማንንም ያልቆረጥኩት ለዚያ ነው።»

(ቆርጧል። ወንድሜን፣ ጆሮው ላይ። አላነሳሁበትም።)

መጋቢት 29

ከትልቁ ላብራቶሪ ውጤት መጣ። ከተላኩት ከአሥራ አንዱ ቱቦዎች ስምንቱ ላይ አንቲቦዲው አለ። አስተማሪው አለበት። ቀለም ቀቢው አለበት። ዳቦ ጋጋሪዋ አለባት።

ሦስቱ ላይ የለም። እነሱ ላይ ተሳስቻለሁ ማለት ነው? ወይስ ሌላ ነገር ነው? ደብተሩ ላይ እንደዚያው አስቀመጥኩት፣ ሳላሳምረው።

ሚያዝያ 6

ኮሚቴ ተሰበሰበ። የአስተማሪው ሚስት ወረቀቴን አያይዛ ጽፋላቸው ኖሯል።

ረጅም ጠረጴዛ፣ ውሃ በላስቲክ ጠርሙስ። ሜዲካል ዳይሬክተሩ፣ የነርሶቹ ኃላፊ፣ አለቃ፣ ረጅሟ። እኔ ጫፍ ላይ።

«ይህን ለቤተሰብ የጻፉት እርስዎ ነዎት?» አለ ዳይሬክተሩ።

«እኔ ነኝ። ግልባጭ ከፈለጋችሁ አለኝ።»

የነርሶቹ ኃላፊ ሳቋን በሳል ሸፈነች።

ቁጥሮቹን አነበብኩ። ስልሳ አራት ሕመምተኛ። የዘገየባቸው አሥራ ሰባት። በቅልቅል ያልተስተካከለው አሥራ አንድ። ከአሥራ አንዱ ደም የረጋባቸው አምስት። ከቀሩት ሃምሳ ሦስት ውስጥ አምስት።

«በዚህ ምርመራ የዳነ ሰው አለ ብለው ይምላሉ?»

«አልምልም። ቁጥሩ ትንሽ ነው። አንቲቦዲው ኖሮባቸው ምንም ያልሆኑ አሉ፣ ሳይኖርባቸው የረጋባቸውም አሉ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ሰከንዱ ረዝሟል ብላችሁ ብቻ መርፌ አትከልክሉ። ጠይቁ። እኛም ስትጠይቁን ‹ቁጥር ነው› ብለን አንዝጋባችሁ።»

ዳይሬክተሩ ወደ አለቃ ዞረ። «አንተ ምን ትላለህ?»

አለቃ የሚቃወም መስሎኝ ጥርሴን ነክሼ ጠበቅሁ። ወረቀቶቹን አስተካከለ። «ሪኤጀንቱን በተመለከተ ያልኩት ያው ነው፤ እጥረት አለብን» አለ። «ሆኖም የቅልቅሉ ምርመራ ከነድግግሞሹ አርባ ሁለት ጊዜ ነው የተሠራው፣ ደግሞ መሥራቱን ለማቆም የሚያስችል ምክንያት ከውጤቱ አላገኘሁም። ይሠራ። መመሪያውን እሳቸው ይጻፉ።»

እሳቸው እኔ ነኝ። አላየኝም፣ ግን ጆሮው ቀልቷል።

ሲወጣ ኮሪደር ላይ ደረስኩበት። «ለምን?»

«ዝምታ ደብተሩን ሰጥቶኝ አነበብኩት» አለ። «ሦስቱ ላይ መሳሳትዎን ጭምር ጽፈዋል።»

«ታዲያ ልደብቀው ነው?»

«ብዙ ሰው ይደብቃል፣ እትዬ።»

ሚያዝያ 8

ወደ ድሮ ጠረጴዛዬ ተመለስኩ። ማሽኑም ተሠርቷል። ዝምታ ከጠዋት እስከ ማታ አወራ። አላቋረጥኩትም።

ሚያዝያ 21

አሥራ ሁለት ሳምንት። ቀለም ቀቢው በእግሩ መጣ፣ ሚስቱን አስከትሎ። የደም ማቅጠኛ ክኒን ላይ ነው። ክንዱን ሰጠኝ። «ጣሪያ መቀባት ከለከለችኝ» አለ በአገጩ ወደ ሚስቱ እያመለከተ። «ግድግዳ ብቻ።»

«እስከ ትከሻ ድረስ» አለች ሚስቱ።

ከስምንቱ አስተማሪው የለም፤ አንድ አዛውንትም በሳንባቸው ምክንያት አርፈዋል። ለስድስቱ እኔው ራሴ ደወልኩ። አንዱ ስልኩን ዘጋብኝ። ሁለተኛም ደወልኩለት፣ ሰደበኝ። እሺ። አምስቱ ቀን ቀን ወጥቶላቸው ይመጣሉ።

ሰኔ 22

የአምስቱም ውጤት መጣ። አራቱ ላይ ጠፍቷል። ቀለም ቀቢውም ከነሱ ነው። ቫይረሱ ይዞት መጥቶ ይዞት ሄደ። ክኒኑን መቼ እንደሚያቆም ረጅሟ ትወስናለች። ስነግረው «ጣሪያስ?» አለኝ። ሚስትህን ጠይቅ አልኩት።

የዳቦ ጋጋሪዋ ግን አልሄደም። እንዲያውም ከፍ ብሏል።

ጠዋት አለቃ መጥቶ ጠረጴዛዬ አጠገብ ቆመ። ያ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ከፋይሌ እንዲወጣ ማመልከቻ ጻፊ፣ እኔ እደግፈዋለሁ አለኝ። ለጡረታሽ ንጹሕ ፋይል ይሻላል አለኝ። አሰብኩበት። አልጽፍም አልኩት። ይቀመጥ። ከኔ በኋላ የሚመጣ ሰው ይግለጠውና ለምን እንደተሰጠኝ ይጠይቅ። «እንደፈለግሽ» አለ። «አንቺ» አለኝ። አላረምኩትም።

ከሰዓት በኋላ ዳቦ ጋጋሪዋ መጣች። ረጅሟ ዘንድ ውጤቱን ሰምታ ነው የወረደችው። ታለቅሳለች ብዬ መሐረብ አዘጋጅቼ ነበር። አላለቀሰችም። ወንበሩ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። ክንዷ ላይ የምድጃ ጠባሳ አለ፣ አራት ቦታ።

«ሐኪሟ ስንት ጊዜ አርግዘሻል ብላ ጠየቀችኝ» አለች። «ከዚህ በፊት ማንም ከደሜ ጋር አገናኝቶ ጠይቆኝ አያውቅም። ሦስት ጊዜ ነው። ሦስቱም አራት አምስት ወር ላይ ወረዱብኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከባድ ስላነሳሽ ነው፣ እሳት ፊት ስለቆምሽ ነው፣ ማህፀንሽ ቀዝቃዛ ነው... ያልተባልኩት የለም። ይሄ ነገር ያኔም ኖሮብኝ ይሆን?»

«ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ደምሽን ያየ ሰው ስለሌለ በእርግጠኝነት አልነግርሽም። አሁን ግን መኖሩ ታውቋል፤ ሁለት ጊዜ ተለክቷል። ማርገዝ ከፈለግሽ አስቀድመሽ ለሐኪሟ ንገሪያት። በመርፌ የሚከታተሉት መንገድ አለ። ቃል አልገባልሽም። መንገድ ግን አለ።»

ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ሌላ ነገር ትጠይቀኛለች ስል፣

«እናቴ፣ ወረቀት ይስጡኝ» አለች።

«የሐኪሟ ወረቀት አለሽ አይደል?»

«እሱማ ለሐኪም ነው። እኔ የምፈልገው ለአማቴ የማሳየውን ነው። ጥፋቱ የደሜ እንጂ የኔ እንዳልሆነ የሚል። በደንብ የሚነበብ።»

እንዲህ ያለ ወረቀት አንሰጥም። ቅጽ የለውም። መመሪያውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ እዚያም ውስጥ የለም።

ባዶ ወረቀት አወጣሁና በትልልቅ ፊደል ጻፍኩላት። የአንቲቦዲውን ስም፣ የተለካበትን ሁለት ቀን፣ ጽንስ ሊያስወርድ እንደሚችል፣ ዳቦ በመጋገርና ዕቃ በማንሳት እንደማይመጣ። ፈረምኩ። ማህተሙን አንስቼ መታሁበት። አንዱ ይበቃ ነበር።

ሁለቴ መታሁት።